ጀምበር ስትጠልቅ የገባው በርሜል

ሜርል ሃውገን ሞቶ የተገኘው፣ በሳምንት አንድ ቀን ሰው እንዳይገባበት ራሱ ደንብ አውጥቶ በዘጋው የሙቅ ውሃ ገንዳ፣ በጃኩዚው ውስጥ ነው።

የሳንድ ሪጅ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደንብ ከመዋኛው በር ላይ በትልልቅ ፊደል ተለጥፏል። ረቡዕ አመሻሽ ጃኩዚው መድኃኒት ይጨመርበታል፤ ሐሙስ ሙሉ ቀን ዝግ ነው፤ ዓርብ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይከፈታል፤ መጨረሻ የወጣ ሰው ክዳኑን መልሶ አራቱንም ማሰሪያ ያስራል። ዓርብ ንጋት የጥገና ሠራተኛው ቨርሎን አንቶን ሲደርስ ክዳኑ በቦታው ነበር፤ አራቱም ማሰሪያዎች በደንቡ መሠረት ታስረዋል። ፈታቸው፣ ክዳኑን አነሳ፣ ከዚያ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለ። ሜርል በግንባሩ ተደፍቶ ይንሳፈፍ ነበር።

መርማሪ ኢኔስ ቦሆርኬስ ከሸሪፉ ቢሮ ስትደርስ አንድ ሰዓት አልሞላም። ኢኔስ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አጠር ደልደል ያለች፣ ሰው ሲዋሽ ጣልቃ የማትገባ ሴት ናት። እስኪጨርስ ትጠብቀዋለች።

«ሰው ማጅራቱን ይዞ ደፍቆታል» አላት ሐኪሙ፣ ሰንበሩን እያሳያት። «መቼ እንደሆነ ግን እንዳትጠይቂኝ። እንዲህ እንደ ሾርባ ሲሞቅ የቆየ ሰው ገላው አይመሰክርም። ትናንት ንጋትም ይሆናል፣ ዛሬ ንጋትም ይሆናል።»

«አንድ ቀን ሙሉ ልዩነት ነው እኮ።»

«ውሃውን ውቀሺ።»

ከበሩ ውጪ የመቁረጫ መጋዝ የጫነ መኪና ቆሞ ነበር። ሾፌሩ የፖሊሱን ቢጫ ጥብጣብ እያየ ራሱን ያካል።

«እናንተ ደግሞ ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ወይራ ልንቆርጥ። ቁጥር አሥራ አራት።»

«ማን አዘዛችሁ?»

ሰውዬው በአገጩ ወደተሸፈነው አስከሬን አመለከተ። «እሱ።»

*

የማኅበሩ ሊቀመንበር አርዲስ ሉንድ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ከሰሜን ከበረዶው አገር መጥታ እዚህ አሪዞና በረሃ ላይ ከከተመች ሃያ ዓመት ቢያልፋትም፣ ዛሬም ልክ ብርድ እንደሚገባ ሁሉ በሩን ከኋላዋ ትዘጋለች። ኢኔስን በማኅበሩ ቢሮ አስቀመጠቻትና ወፍራም ማኅደር ከፊቷ ዘረጋች።

«ሜርል የግቢ ውበት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር፣ የኔ ልጅ። ሰው አይወደውም ነበር። እኔም አልወደውም። ወረቀቱ ግን ሁሌም የተሟላ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሜርል ሞኝ አልነበረም፤ የወረቀቱን ጠባይ ግን ወስዶ ነበር።

«ወይራው ምን በደለው?» አለች ኢኔስ።

«የአበባው ብናኝ ሰው ያስነጥሳል፤ በደንባችን ክልክል ነው። የዌንደል ፕሩት ሚስት ነፍሷን ይማርና ማንንም ሳታስፈቅድ ተከለችው። ሜርል ሦስት ዓመት ሙሉ ሲከስ ኖሮ ረቡዕ ማታ ቦርዱ ድምፅ ሰጠ። ዛሬ ጠዋት ሊቆረጥ ነበር።»

«እርስዎስ ምን ድምፅ ሰጡ?»

«ይቆረጥ አልኩ። ደንብ ነው።» አርዲስ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «ደስ ብሎኝ አይደለም።»

«ሜርልን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አገኙት?»

«ሐሙስ ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ንጋት ላይ ኢሜይል ላከልኝ፣ ቆራጮቹ ዓርብ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣሉ ብሎ። ሁሌም በዚያ ሰዓት ይነቃል። ከዚያ...» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሐሙስ ሐሙስ በዝጉ ቀን ብቻውን ጃኩዚ ይገባል። ቁልፍ አለው። ሁላችንም እናውቃለን። ግን ክሱን የሚቀበለው እሱ ራሱ ነው፤ ለማን ይከሰሳል?»

«እንግዲያ ትናንት ንጋት እዚያው ሞቶ ሊሆን ይችላል።»

«አይችልም» አለች አርዲስ ፈጠን ብላ። «ትናንት ጀምበር ስትጠልቅ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሐሙስ የቆሻሻ መኪና ይመጣል፤ ባዶው ባለጎማ በርሜል ጀምበር ሳትጠልቅ ወደ ግቢ መግባት አለበት። እኔና ፊሊስ በትንሿ የጎልፍ መኪና ዞረን እንቆጣጠራለን፤ ደንቡ ሁለት ሰው ይላል። ሜርል ያንን ሰፊ ባርኔጣውን አድርጎ በርሜሉን ወደ ውስጥ ሲጎትት ነበር። ፊሊስን ጠይቂያት።»

«ፊቱን አዩት?»

«ጀርባውን። እጄን አነሳሁለት፣ አልዞረም። እሱ መቼ ሰላም ይላል ብለሽ ነው?»

«ሰፊ ባርኔጣ እዚህ ስንት ሰው ያደርጋል?»

«በዚህ ፀሐይ? ራስ ያለው ሁሉ።»

«ደጅ የቀረ በርሜል ነበር?»

አርዲስ ወረቀቱን አዙራ አሳየቻት። በመንገዱ ሁሉ ጥፋት ዜሮ ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ፊርማ አለ።

*

ቨርሎን አንቶንን ያገኘችው የፓምፑ ክፍል ውስጥ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ነው። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል።

«ረቡዕ አመሻሽ መድኃኒቱን ጨምሬ ክዳኑን አሰርኩና ወደ ቤቴ ሴልስ ሄድኩ» አላት። «ሐሙስ ጠዋት አልገባም፤ እናቴ ኩላሊቷን የምትታጠብበት ቀን ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። አሥራ አንድ ሰዓት ንጋት ላይ ክሊኒኩ ውስጥ ነበርኩ፤ ፈርሜያለሁ።»

«ሴልስ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?»

«በእኔ መኪና ሰዓት ተኩል። በደህና መኪና ትንሽ ይቀንሳል።»

«ከዚያስ?»

«ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጥቼ ፓምፑን አየሁ። ሁሉም ከዚህ ክፍል ነው የሚታየው፣ ክዳን አይነሳም።»

«ብቻህን?»

«ፓምፕ ለማየት ስንት ሰው ያስፈልጋል?»

ኢኔስ ፈገግ አለች፤ እሱ ግን አልሳቀም።

«ሜርል ሊያስባርርህ ነበር ይላሉ።»

«ሬዲዮ ከፍቶ ይሠራል ብሎ ሦስት ጊዜ ጽፎብኛል። አራተኛው ያሰናብታል። ጠልቼዋለሁ፣ አልዋሽሽም። ክዳኑን አንስቼ ሳየው ግን አለቀስኩ። ምን እንዳስለቀሰኝ እንጃ።»

ነገሩ ለኢኔስ ግልጽ ነበር፣ ግልጽነቱም አስጨነቃት። ሜርል የሞተው ሐሙስ ንጋት ከሆነ፣ ቨርሎን በዚያ ሰዓት ሰዓት ተኩል ርቆ ፊርማውን እያኖረ ነበር፤ ነፃ ነው። ሐሙስ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ከሆነ ግን፣ ቁልፍ ይዞ ብቻውን ከአጥሩ ውስጥ የነበረ ሰው እሱ ብቻ ነው። የሰውዬው ዕጣ በአንድ የቆሻሻ በርሜል ላይ ተንጠልጥሏል።

አለቃዋ ኮርቤት በስልክ ብዙ አላስወራትም። «ቁልፍ አለው፣ ቂም አለው፣ ብቻውን ነበር። ሌላ ምን ቀረሽ? ፎቶግራፍ?»

«እስከ ነገ እኩለ ቀን ስጠኝ።»

«እስከ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል። ከዚያ ካቴና ታጠልቂለታለሽ። እስከዚያ ከግቢው እንዳይወጣ።»

ቨርሎን ሰምቷል። «ነገ ቅዳሜ ነው» አለ በቀስታ።

«እናትህን የሚያደርስ ሌላ ሰው የለም?»

«እህቴ ፊኒክስ ናት። እናቴ ደግሞ ያለ እኔ መኪና ውስጥ አትገባም፤ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ማንም አያስገድዳትም። የጠዋቱ ተራዋ ቢያልፋት እስከ ስምንት ሰዓት ይጠብቋታል። እሱም ካለፈ እስከ ማክሰኞ ደሟ አይታጠብም።» ቀና ብሎ አያት። «እስከ ማክሰኞ የምትቆይ አይመስለኝም።»

ኢኔስ ሰዓቷን አይታ ወጣች።

*

ቁጥር አሥራ ሁለት የሜርል፣ ቁጥር አሥራ አራት የዌንደል ፕሩት ቤት ነው። የሁለቱም ደጅ ጠጠር ነው፤ በዌንደል ጠጠር መሃል ወይራው ቆሟል። ዌንደል ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳ፣ ሰባ ስድስት ዓመት የሞላው፣ እጁ ግን ገና ያላረጀ ሰው ነው። ወገቡን በሰፊ መቀነት አስሮ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«አዝናለሁ ሚስተር ፕሩት። ጎረቤትዎ ነበሩ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት» አለ። «ወይራውን ዛሬ ይቆርጡታል እንዴ?»

«ዛሬ ማንም ምንም አይቆርጥም። ትናንት የት ዋሉ?»

«አልጋዬ ላይ። ወገቤ ከሌሊቱ ጀምሮ ይዞኝ፣ ደጅ የሚባል ነገር ሳላይ ዋልኩ።»

«ጠዋትም ማታም?»

«እግሬ ከዚህ ደፍ አላለፈም።»

ኢኔስ ማስታወሻዋን ገለጠች። «በርሜልዎ ግን ጀምበር ሳትጠልቅ ገብቷል። ሚስስ ሉንድ ዜሮ ጽፈዋል።»

ዌንደል ወይራውን አየ። ከዚያ እጆቹን አየ። «ሜርል ነዋ ያስገባልኝ» አለ።

«ተኳርፋችሁ አልነበረም?»

«ብንኳረፍስ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ። ድሮም እንዲያ ነበርን። ቀድሞ የወጣ የሁለታችንንም ያስገባል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲያ ኖረናል፣ ይሄ የወይራ ነገር እስኪመጣ።»

«እና ትናንት ሲያስገባ ሰሙት?»

«ጎማው ጠጠሩ ላይ ሲንኳኳ ሰማሁ።»

ኢኔስ አልተከራከረችም። ጻፈች፣ አመሰገነች፣ ወጣች።

ከዚያ ወደ ሜርል ደጅ ተሻገረች። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ጠዋቱን ሙሉ ስድስት ፖሊሶች እየተራመዷቸው ሲወጡና ሲገቡ የዋሉባቸው፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ጋዜጦች መኪና መግቢያው ላይ ወድቀው ነበር። አንዱ የዓርብ ነው፤ ላስቲኩ ንጹሕ ነው። ሌላው የሐሙስ ነው። እሱ ግን መሃሉ ተጨፍልቋል፤ ላስቲኩ ላይ የአንዲት ጠባብ ጎማ አሻራ በአቧራ ተስሏል። ኢኔስ ተንበርክካ ስታየው ቆየች። ከዚያ የሜርልን በርሜል ከአጥሩ ጀርባ አስመጥታ ጎማውን አጠገቡ አስቀመጠችው።

ከቤቱ ውስጥ፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ የጋዜጦች ክምር አገኘች። የእያንዳንዱ መስቀለኛ ቃላት በቀለም እስክሪብቶ ተሞልቷል፤ አንድ ቀን አልተዘለለም። የመጨረሻው የረቡዕ ነው። ከመደርደሪያው ላይ ደግሞ «ፕሩት» ተብሎ የተጻፈበት ማኅደር አወረደች። ማኅደሩ እንደ ሰውዬው የተሟላ ነበር።

ወደ አርዲስ ደወለች። «ሚስስ ሉንድ፣ ደጅ ላይ ለወደቀ ጋዜጣ ደንብ አላችሁ?»

«ለጋዜጣ?» አርዲስ ትንሽ አሰበች። «የለንም። ሜርል ሊያረቅቅ ነበር፣ አልደረሰም እንጂ።»

*

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በማኅበሩ አዳራሽ፣ ቢንጎ በሚጫወቱበት ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። አርዲስና ፊሊስ ጎን ለጎን፣ ዌንደል ከመስኮቱ አጠገብ፣ ቨርሎን በሁለት ፖሊሶች መሃል። ቨርሎን የግድግዳውን ሰዓት ከማየት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። ኮርቤት በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ካቴናው ከወገቡ ላይ ይታያል።

«ሠላሳ ደቂቃ አለሽ» አላት።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ ኢኔስም የጀመረችው በለስላሳ ድምፅ ነው። «ሚስስ ሉንድ፣ ሐሙስ ማታ ያዩትን አንዴ ይንገሩን።»

«ሜርል በርሜሉን ሲያስገባ።»

«ያዩት በርሜል ሲገባ ነው። ሜርል ነው ያሉት፣ በርሜሉ የሜርል ስለሆነ።»

አርዲስ ወደ ፊሊስ ዞረች።

ኢኔስ የተጨፈለቀውን ጋዜጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህ የሐሙስ ጋዜጣ ነው። ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ሰዓት ንጋት ላይ ይጣላል። የሜርል በርሜል ጎማ በላዩ ላይ ሄዶበታል። እንግዲህ በርሜሉ ሲገባ ጋዜጣው እዚያው ወድቆ ነበር ማለት ነው። ሜርል መስቀለኛ ቃላት አንድ ቀን ዘሎ የማያውቅ ሰው ነው። ሙሉ ቀን ቤቱ ከዋለ ጋዜጣው ጀምበር እስክትጠልቅ ደጅ ምን ይሠራል? በርሜል ሊያስገባ ወጥቶ፣ የራሱን ጋዜጣ ጨፍልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ሳያነሳው ይገባል?»

«አይገባም» አለች ፊሊስ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«ስለዚህ በርሜሉን ያስገባው ሜርል አይደለም። ጋዜጣው ያላሳሰበው፣ በርሜሉ ግን ያሳሰበው ሰው ነው። ለበርሜል ደንብ አለ፤ ለጋዜጣ የለም። ሜርል ደግሞ ያን ጊዜ ጃኩዚው ውስጥ ነበር። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ገባ፣ ጋዜጣውን ለማንሳት አልተመለሰም።»

ኮርቤት ከበሩ ተላቀቀ። «በርሜሉን ያስገባው ቨርሎን ቢሆንስ?»

«ሐሙስ የገባው አንድ በርሜል ብቻ አይደለም» አለች ኢኔስ። ወደ መስኮቱ ዞረች። «ሚስተር ፕሩት፣ ሐሙስ እግሬ ከደፌ አላለፈም ብለውኛል። በርሜልዎን ማን አስገባ?»

«ነግሬሻለሁ። ሜርል።»

«ሜርል ሞቷል፣ ሚስተር ፕሩት። በርሜሉ ሲገባ ከሞተ አሥራ ሦስት ሰዓት ሆኖት ነበር።»

ዌንደል መቀነቱን አጠበቀ። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ ቃሉ አሁን የማይደረስበት ቦታ ነበር።

«በሕይወት ቢኖርም አያስገባልዎትም ነበር» ብላ ኢኔስ «ፕሩት» የሚለውን ማኅደር ከፈተች። ፎቶግራፎች ነበሩበት፤ ሁሉም የአንድ በርሜል ናቸው፣ ከእያንዳንዱ ሥር ሰዓቱ ተጽፏል። «ይኸው ያለፈው ወር። ጀምበር ከጠለቀች ከአሥር ደቂቃ በኋላ። ሜርል የእርስዎን በርሜል ደጅ ቢያገኘው ፎቶ ያነሳዋል እንጂ አይነካውም። ሁለቱንም በርሜሎች ያስገባ አንድ እጅ ነው፤ ያ እጅ ሜርል ለበርሜሉ እንደማይመጣ ያውቅ ነበር። ቨርሎን የእርስዎን በርሜል ቢያስገባ ኖሮ፣ እርስዎ ሜርል ነው ብለው የሚሸፍኑለት ምክንያት የለዎትም። የሸፈኑት ራስዎን ነው።»

ዌንደል ያጠበቀውን መቀነት አላላው።

«ሳላስበው ነው» አለ በመጨረሻ። «ጀምበሯ ዘቀዘቀች፣ የእኔን አስገባሁ፣ የሱ ቆሟል። ሃያ ሁለት ዓመት እኮ ነው። እጄ ራሱ ሄደ። አስገብቼው ስመለስ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ።»

«ሐሙስ ንጋትስ?» አለች ኢኔስ።

«ልለምነው ነው የሄድኩት። አንኳኳሁ፣ ከፈተልኝና ተመልሶ ውሃው ውስጥ ገባ። ሜርል፣ ሚስቴ ኦፓል እኮ ከዛፉ ሥር ናት አልኩት። የተቃጠለ አስከሬኗን አመድ ራሴ ነኝ እዚያ ያፈሰስኩት፤ ዛፉን ነቅለህ የት ልትጥላት ነው አልኩት።» ድምፁ ተሰበረ። «አመድ ለመቅበርም ለኮሚቴው ማመልከቻ ያስፈልጋል አለኝ። አልሳቀም እንኳ። ጀርባውን ሰጠኝ። ከዚያ ክዳኑን ሳስር ነው ራሴን ያገኘሁት።»

አርዲስ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «አንድም ቀን አልነገርከን፣ ዌንደል። ቦርዱ ፊት ቀርበህ አንዲት ቃል አልተናገርክም።»

«ብናገር ምን ታደርጉ ነበር?»

አርዲስ እጇን ያወጣችበት ረቡዕ ማታ ትዝ አላት።

ኮርቤት ካቴናውን ፈትቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ቨርሎንን የያዙት ፖሊሶች ከጎኑ ሲነሱ ቨርሎን አልተነሳም። ዌንደልን ያየው ነበር።

«ሐሙስ ጠዋት የት እንደምሆን ታውቃለህ» አለው። «እናቴን በስሟ እየጠራህ ትጠይቀኝ ነበር። ያንን በርሜል እዚያው ብትተወው፣ ሐሙስ ንጋት ነው የሞተው ይሉና እኔን ማንም አይጠረጥረኝም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ዌንደል።

«ትናንት ስያዝ በረንዳህ ላይ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«እና ለሷ ደግሞ ሜርል አስገባልኝ አልካት።»

ዌንደል አንገቱን ደፋ። ለሜርል ሞት ያልመጣ እንባ አሁን መጣ። «ፈራሁ» አለ።

«እናቴም ሌሊቱን ስትፈራ ነው ያደረችው» አለ ቨርሎን። ቁጣ አልነበረበትም፤ ከቁጣ የከፋ ድካም እንጂ። «አንዲት ሌሊት፣ ዌንደል። አንድ በርሜል አንዲት ሌሊት ደጅ ማደር አቃተው?»

ተነሳ። ግድግዳው ላይ ሰዓቱ ለአራት ተኩል አምስት ጉዳይ ይላል። ኢኔስ የተያዘበትን ስልክ ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው፤ በሩን ራሷ ከፈተችለት። ስልኩ ገና ሁለት ጊዜ ሳይጠራ ተነሳ።

«እማ» አለ ቨርሎን ወደ መኪናው እየሮጠ፣ «ልብስሽን ልበሺ። መጣሁ።»